ወለሉ ጠርቷል፤ ውሃውስ? የመዋኛ ገንዳ ጽዳት ረጅሙ ታሪክ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 2016፣ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሊምፒክ በተከፈተ በአራተኛው ቀን፣ ዓለም በቴሌቪዥን መስኮት እንግዳ ነገር ተመለከተ። በማሪያ ሌንክ የውሃ ስፖርት ማዕከል ጠላቂዎች የሚወዳደሩበት ገንዳ ትናንት ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ አደረ። በማግስቱ አጠገቡ ያለው የውሃ ፖሎ ገንዳም ቀለሙን መለወጥ ጀመረ። አዘጋጆቹ መጀመሪያ አንድ ምክንያት፣ ቀጥለው ደግሞ ሌላ ምክንያት ሰጡ። በመጨረሻ የወጣው ማብራሪያ ግን አጭር ነበር፤ በመክፈቻው ዕለት 80 ሊትር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወደ ገንዳዎቹ ተጨምሮ ነበር። ይህ ኬሚካል ለብቻው ሲሆን ማጽጃ ነው። ክሎሪን ካለበት ውሃ ጋር ሲገናኝ ግን ክሎሪኑን ያከሽፈዋል። ጠባቂውን ያጣ ውሃ ለአልጌ የተመቸ ማሳ ሆነ። ለኅብር ዋና ውድድር የተዘጋጀውን ገንዳ ለማዳን የነበረውን ውሃ አፍስሶ ከሌላ ገንዳ በመጣ ውሃ መተካት ግድ ሆነ።

በዚያ ገንዳ ወለል ላይ ቅጠል አልተከመረም፤ ጭቃም አልነበረም። ወለሉን የሚጠርግ ምርጥ ማሽን ቢገባበት ኖሮ እንኳ የሚያነሳው ነገር አያገኝም ነበር። የተበላሸው ውሃው ራሱ ነው።

ገንዳ ያለው ሆቴል፣ ክለብ ወይም የግል ቤት ባለቤት ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «የትኛው ማጽጃ ማሽን ይሻላል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት የሚመጣው «ማሽኑ ሲሠራ ውሃው መዘዋወሩን ይቀጥላል ወይ?» የሚለው ነው። የሰው ልጅ ይህን ቅደም ተከተል የተማረው በሺህ ዓመታት ልምድና በብዙ ሺህ ሰዎች ሕይወት ነው።

ሞልቶ ማፍሰስ

በአሁኗ ፓኪስታን፣ በኢንደስ ወንዝ ሸለቆ በምትገኘው ሞሄንጆ ዳሮ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ታላቅ መታጠቢያ አለ። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 7 ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ወደ 2.4 ሜትር ይደርሳል። ግንበኞቹ ጡቡን በጥንቃቄ ገጣጥመው፣ ውሃ እንዳያሳልፍ ሬንጅ ለስነውበታል። ውሃው በአቅራቢያው ከነበረ ጉድጓድ ይመጣ ነበር፤ በአንድ ጥግ ደግሞ ማፍሰሻ ተሠርቶለታል። የገንዳ ሥራ ዋና ጥያቄ ያኔውኑ ተነስቷል ማለት ነው፤ ውሃው በየት ይገባል? በየትስ ይወጣል?

ሮማውያን ጥያቄውን በድንጋይ መለሱት። ከተራራ ምንጭ እስከ ከተማ ድረስ የውሃ ቦይ ዘርግተው፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ውሃ መታጠቢያዎቻቸውን እንዲሞላ አደረጉ። በ216 የተመረቀው የካራካላ መታጠቢያ ዛሬም ፍርስራሹ ያስደንቃል። ይሁን እንጂ በብዙ ሰው የሚዘወተር፣ ማጣሪያም ክሎሪንም የማያውቅ ሙቅ ገንዳ ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዮስ ለራሱ በጻፈው ማስታወሻ ላይ የመታጠቢያን ነገር ሲያነሳ የታየው ዘይት፣ ላብ፣ እድፍና የቀባ ውሃ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጸሐፊ ኬልሱስ ደግሞ ገና ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው ወደ መታጠቢያ እንዳይሄድ አስጠንቅቋል፤ ቁስሉ ይመረቅዛልና። እብነ በረዱ ያብረቀርቅ ነበር፤ ውሃው ግን ሰው ያሳምም ነበር።

በሀገራችንም ሁለቱንም ዓይነት ጥንታዊ መፍትሔ እናገኛለን። በጎንደር የሚገኘው የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይፈስሳል። ይህ ሞልቶ ማፍሰስ ነው። ሶደሬን በመሰሉ ፍል ውሃዎች ደግሞ ከመሬት የሚፈልቀው ውሃ ሳያቋርጥ እየገባ አሮጌውን እየገፋ ያስወጣል። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃን ምንጭ ስለወደዱት መሆኑ ይታወቃል። አንደኛው ዘዴ ገንዳው በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ይበቃል። ሁለተኛው ምንጭ ለሰጠው ሰው ጸጋ ነው። በየቀኑ ሰው የሚዋኝበት፣ ምንጭ የሌለው የከተማ ገንዳ ግን በሁለቱም አይድንም።

ይህን በደንብ ያየችው የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ናት። በሊቨርፑል ወደብ በ1828 የቅዱስ ጊዮርጊስ መታጠቢያ ተከፈተ፤ በ1842 እዚያው ከተማ በፍሬድሪክ ጎዳና ለድሆች መታጠቢያና ልብስ ማጠቢያ ተሠራ፤ በ1846 ደግሞ ፓርላማው ከተሞች የሕዝብ መታጠቢያ እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ዓላማው የተቀደሰ ነበር። ነገር ግን ገንዳዎቹ ማጣሪያ አልነበራቸውም። ውሃው ይሞላል፣ ለቀናት ይዋኙበታል፣ ከዚያ ይፈስሳል። በብዙ ቦታ ዋጋው ከውሃው ዕድሜ ጋር ይወርድ ነበር። አዲስ ውሃ በተሞላበት ቀን ገንዘብ ያለው ከፍሎ ይገባል፤ ውሃው ሲደፈርስ ዋጋው ይረክስና የድሀው ተራ ይደርሳል። ንጽሕና እንደ እንጀራ በትኩስና በደረቅ ተከፍሎ ይሸጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የአሸዋው ምስክርነት

የቆመ ውሃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል፣ በአሸዋ ውስጥ ያለፈ ውሃስ እንዴት እንደሚያድን ዓለም በግልጽ ያየው በመዋኛ ገንዳ ሳይሆን በመጠጥ ውሃ ነው። በ1892 በጀርመን ሀምቡርግ ኮሌራ ገባ። ሀምቡርግ ውሃዋን ከኤልቤ ወንዝ ሳታጣራ ታከፋፍል ነበር። ጎረቤቷ አልቶና የምትቀዳው ከዚያው ወንዝ ነው፤ ያውም የሀምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በታች። የአልቶና ውሃ ቆሻሻ መሆን የነበረበት ይመስላል። አንድ ልዩነት ግን ነበር። አልቶና ውሃውን በአሸዋ ማጣሪያ ታሳልፍ ነበር።

በሀምቡርግ 8,600 ያህል ሰዎች ሞቱ። በአልቶና በሽታው ከተማዋን ሊያጠቃ አልቻለም። ሁለቱን ከተሞች የሚለየው ድንበር በጎዳና መሀል የሚያልፍበት ቦታ ነበር፤ በአንዱ ወገን ያሉ ቤቶች ሲረግፉ ማዶ ያሉት ደኅና ነበሩ። ሮበርት ኮኽ ነገሩን መርምሮ፣ በሀምቡርግ ክልል ሆኖ የአልቶናን ውሃ ያገኝ የነበረ አንድ የመኖሪያ ግቢ ጭምር መትረፉን መዘገበ። አየሩ አንድ፣ ሰዉ አንድ፣ ወንዙ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አሸዋው ነው። ሀምቡርግም በዓመቱ ማጣሪያዋን ሥራ አስጀመረች።

ዛሬ በአብዛኛው የመዋኛ ገንዳ ማሽን ክፍል ውስጥ የሚታየው ሆዱ በአሸዋ የተሞላ ድቡልቡል ታንክ የዚያ ማጣሪያ የልጅ ልጅ ነው። አሸዋው ግን ሄዶ ቆሻሻ አይፈልግም። ውሃው ወደ እሱ መምጣት አለበት። ውሃውን የሚያመጣለት ፓምፑ ነው። ፓምፑ ከቆመ ወይም ከተዳከመ የዓለም ምርጥ ማጣሪያ ቢተከል አሸዋ የሞላበት በርሜል ከመሆን አያልፍም።

በረኪና ወደ ገንዳ ሲገባ

ማጣሪያ ብቻውን ሁሉንም ጀርም አይይዝም። ሁለተኛው አጋር ከሐኪም ቤት መጣ። በ1847 በቪየና ኢግናዝ ዜመልቫይስ አዋላጅ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ኖራ እንዲታጠቡ ሲያደርግ፣ በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በጣም ቀነሰ። በ1908 ደግሞ ጆን ሊል የተባለ ሐኪም ለአሜሪካዋ ጀርሲ ሲቲ የሚሄደውን ውሃ የሕዝብ ፈቃድ ሳይጠይቅ በክሎሪን ማከም ጀመረ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዘዴው ግን ትክክል ሆኖ ጸና። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1910፣ በሮድ አይላንድ የሚገኘው ብራውን ዩኒቨርሲቲ የመዋኛ ገንዳውን በዚሁ የክሎሪን ዱቄት አከመ። ዛሬ በየቤቱ ልብስ ለማንጣት የምንጠቀምበት በረኪና የዚያ ዱቄት የቅርብ ዘመድ ነው።

ማጣሪያና ክሎሪን ሲጣመሩ ሞልቶ ማፍሰስ ቀረ። አንድን ውሃ ለወራት እያጣሩና እያከሙ መጠቀም ተቻለ፤ የዋጋ መደቡም ትርጉም አጣ፤ ሰኞ የገባውም ቅዳሜ የገባውም እኩል ውሃ ሊያገኝ ቻለ። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ትልቅ የፍትሕ ለውጥ ነበር።

ክሎሪን ግን እግር የለውም። አንድ ጥግ ላይ ቢፈስ ዝውውር ከሌለ እዚያው ይከማቻል። ደረጃው ሥር፣ መሰላሉ ጀርባና ጥልቁ ጥግ ሳይነካቸው ይቀራል። አልጌ መጀመሪያ የሚያቆጠቁጠውም በእነዚህ በተረሱ ቦታዎች ነው። ከዚህም በላይ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውና ተቅማጥ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በአግባቡ ክሎሪን በተደረገበት ገንዳ ውስጥ ከሰባት ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ዋናተኛ ውሃውን ሲውጠው ይታመማል፤ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ይበልጥ ይጎዳሉ። ስለዚህ «ኬሚካል ጨምሬያለሁ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

63 በመቶ

በ1920ዎቹ የአሜሪካ የጤና መሐንዲሶች አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሱ። የገንዳው ውሃ መጠን ያህል በማጣሪያ ካለፈ ገንዳው በሙሉ ተጣርቷል ማለት ነው? መልሱ አይደለም የሚል ሆነ። የተጣራው ውሃ ተመልሶ ካልተጣራው ጋር ስለሚቀላቀል፣ ማጣሪያው የተወሰነውን ውሃ ደግሞ ደጋግሞ ያገኘዋል። በጥሩ ሁኔታ በሚቀላቀል ገንዳ አንድ ሙሉ ዙር ሲጠናቀቅ በማጣሪያው ያለፈው ውሃ 63 በመቶ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዙር ወደ 86፣ ሦስተኛው ወደ 95፣ አራተኛው ወደ 98 በመቶ ያደርሰዋል። ይህ ስሌት በሙያው የጌጅና ቢድዌል ሕግ ተብሎ ይጠራል።

በቁጥር እንየው። 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ የግል ገንዳ 48,000 ሊትር ይይዛል። ፓምፑ በሰዓት 8,000 ሊትር ቢገፋ አንድ ዙር 6 ሰዓት ይፈጃል። ያ ፓምፕ 6 ሰዓት ሠርቶ ቢጠፋ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው ውሃ ማጣሪያውን አላየውም። አሁን ደግሞ የፓምፑን ጉልበት ከፊሉን ለሌላ ሥራ የሚወስድ ነገር ቱቦው ላይ ተሰካ እንበል። ያ ነገር ማጽጃ ማሽኑ ሊሆን ይችላል።

ማሽኖቹ ሲመጡ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካና በሌሎች ፀሐያማ አገሮች የግል ገንዳ ሲበዛ፣ ወለል የመጥረግ ልፋቱም በዛ። በረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ብሩሽና በእጅ የሚጎተት መምጠጫ ሰውን ያደክማል። መፍትሔው ከአፍሪካ መጣ። ከቤልጂየም ኮንጎ በ1951 ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው የውሃ ግፊት መሐንዲስ ፈርዲናንድ ሾቪየ፣ ሰው ሳይነዳው ራሱ ወለሉ ላይ እየተንፏቀቀ የሚጠርግ ማሽን በ1974 ሠራ፤ ስሙም ክሪፒ ክሮሊ ተባለ። ሞተር የለውም። የገንዳው ፓምፕ ውሃ ሲስብ፣ በሆዱ ውስጥ ያለ ትንሽ ክፍል የውሃውን ፍሰት እየቆራረጠ ማሽኑን ያንቀጠቅጠዋል፤ ንቅናቄው ወደፊት ያስኬደዋል። ቀላል፣ ርካሽና ብልህ ነበር፤ በዓለም ዙሪያም ተሠራጨ።

ሌሎች ደግሞ አቅጣጫውን ገለበጡት። በመሳብ ፋንታ ከማጣሪያ ተመልሶ በሚገባው ውሃ ግፊት የሚንቀሳቀሱ ማሽኖች ወጡ፤ ቆሻሻውን የራሳቸው ከረጢት ውስጥ ይሰበስባሉ። ሦስተኛው ትውልድ ሮቦቱ ነው። በ1983 በእስራኤል በይዝረኤል ኪቡትስ የተመሠረተው ሜይትሮኒክስ «ዶልፊን» በሚል ስም የሚታወቁትን ሮቦቶች ለገበያ አቀረበ። ሮቦት የራሱ ሞተር፣ የራሱ መምጠጫና የራሱ ማጣሪያ አለው። ከገንዳው ፓምፕ ምንም አይበደርም።

ሦስቱም ወለል ያጸዳሉ። ልዩነታቸው ግን ከዝውውሩ ምን እንደሚወስዱ ነው፤ ምርጫም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መሳቢያው ማሽን ሙሉ በሙሉ የፓምፑ ጥገኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰካው በግድግዳው ላይ ባለው የገጽ ውሃ መሳቢያ አፍ ነው። ያ አፍ በተያዘ ጊዜ ከላይ የሚንሳፈፈው ቅጠል፣ የሰው ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ወደ ማጣሪያ የሚሄድበት መንገድ ይዘጋል። ማሽኑ ቅጠል ከዋጠና ቱቦው ከታነቀ ደግሞ ፓምፑ ውሃ ይጠማዋል፤ አየር ይስባል፤ ዝውውሩ ይቆማል። ማሽኑን ቀን ከሌት ውሃ ውስጥ የሚተው ሰው ወለሉን እያጠራ ውሃውን ሊያበላሽ ይችላል። ይህን ዓይነት የሚመርጥ ሰው ለማሽኑ የተለየ መሳቢያ ቀዳዳ ቢኖር ይመረጣል። ከሌለም ለጥቂት ሰዓት ሠርቶ መነቀል፣ ከፓምፑ በፊትም የቅጠል መያዣ ቅርጫት ማስገባት ይኖርበታል። የሰበሰበው ደቃቅ አቧራ ሁሉ ዋናው ማጣሪያ ውስጥ ስለሚገባ፣ የግፊት መለኪያው ከፍ ሲል አሸዋውን በተገላቢጦሽ ውሃ ማጠብም አይቀርም።

በግፊት የሚሠራው ትላልቅ ቅጠሎችን በመሰብሰብ ጎበዝ ነው፤ የገጹን አፍም አይዘጋም። ሲዘዋወር የታከመውን ውሃ ወደ ወለል ስለሚረጭ መቀላቀሉን ያግዛል። በአንጻሩ ከተመላሹ ውሃ ድርሻውን ይወስዳል፤ አንዳንዱም ለብቻው ተጨማሪ ፓምፕ ይፈልጋል፤ ያ ማለት ተጨማሪ መብራት ነው። ደቃቅ አቧራ ደግሞ ከከረጢቱ ያመልጣል።

ሮቦቱ ከዝውውሩ ምንም አይነጥቅም። በትራንስፎርመር በተቀነሰ አነስተኛ ቮልቴጅ ይሠራል፤ ግድግዳ ይወጣል፤ ታች የረጋውን ውሃ ያናውጣል። ዋጋው ውድ ነው፤ ቅርጫቱ ከየሥራው በኋላ መታጠብ አለበት፤ ሰው ሲዋኝም ከገንዳ መውጣት አለበት። ትልቁ አደጋው ግን ከማሽኑ ሳይሆን ከባለቤቱ ይመጣል። «ሮቦቱ እየጠረገልኝ ነው» ብሎ ፓምፑን ያጠፋ ሰው ክሎሪን የሚያከፋፍልለትንና ውሃውን ወደ ማጣሪያ የሚወስድለትን አጥፍቷል። የሮቦቱ ትንሽ ማጣሪያ የዋናውን ቦታ አይተካም።

የፓምፑ ፍጥነት ነገር

ምርጫውን ያወሳሰበ አንድ አዲስ ነገር አለ። ድሮ ፓምፕ አንድ ፍጥነት ብቻ ነበረው። አሁን ፍጥነታቸው የሚስተካከል ፓምፖች ተስፋፍተዋል፤ በአሜሪካ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የኃይል ቁጠባ ደንብም ገበያውን ወደዚያ ገፍቶታል። ምክንያቱ የፊዚክስ ነው። የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚበላው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ያንኑ መጠን ውሃ ለማዞር ጊዜው እጥፍ ቢሆን እንኳ፣ አጠቃላይ ፍጆታው ሩብ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለውሃውም ለኪሱም የሚበጀው ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ማዞር ነው።

ችግሩ መሳቢያው ማሽን በዝግታ አይሠራም። ጉልበት ይፈልጋል። በዝግታ የሚሠራ ቆጣቢ ፓምፕ ገዝቶ በላዩ ላይ መሳቢያ ማሽን የሰካ ሰው፣ ወይ ማሽኑ ቆሞ ያያል፣ ወይ ፓምፑን ለማሽኑ ሲል በሙሉ ፍጥነት ያስሮጣል። የቆጠበውን መልሶ ይከፍላል። ማሽኑ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ከመገዛቱ በፊት መጥኖ መደቆስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ ምን ያህል ይገፋል? አንድ ዙር ስንት ሰዓት ይፈጃል? ማሽኑ ሲሰካ ያ ሰዓት ምን ይሆናል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሻጭ የሚሸጠው መጥረጊያ እንጂ ንጽሕና አይደለም።

ማሽን ሳይገዛ የሚሻሻል ነገርም አለ። ተጣርቶ የሚመለሰው ውሃ የሚወጣባቸው አፎች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ቢሉ የገንዳው ውሃ ቀስ ብሎ መዞር ይጀምራል፤ የሞተ ጥግ ይቀንሳል። በሳምንት አንዴ ደረጃውንና ጥጉን በብሩሽ መፈተግ ማሽን የማይደርስበትን ይደርሳል። ይህ ሁሉ ወጪው ጥቂት ነው።

የሚስበው ቀዳዳ

የውሃ ዝውውር ግን በራሱ አደገኛ ጎን አለው፤ ታሪኩም ሳይነገር ቢቀር ጎደሎ ይሆናል። ጁን 2002 በአሜሪካ የሰባት ዓመቷ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር፣ የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ በሙቅ ውሃ ገንዳ ታች ያለው መሳቢያ ቀዳዳ ይዟት ሞተች። እናቷ ጎትታ ልታስለቅቃት አልቻለችም። የፓምፕ መሳብ ከሰው ክንድ ይበረታል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ተረት በዚያ ገንዳ በጥሬ ትርጉሙ እውነት ሆነ። እናትየው ሕግ እንዲወጣ ታገለች፤ ዲሴምበር 2007 በልጅቷ ስም የተሰየመው ሕግ ተፈረመ። በአሜሪካ የሕዝብ ገንዳዎች ሁሉ ሰው የማይዝ ልዩ ክዳን በማፍሰሻቸው ላይ እንዲኖራቸው ያስገድዳል።

ይህም ከማጽጃ ማሽን ምርጫ ጋር ቀጥታ ይገናኛል። ለመሳቢያ ማሽን ተብሎ በግድግዳ ላይ የሚሠራው ቀዳዳ ማሽኑ በተነቀለ ጊዜ በክዳን ካልተዘጋ የልጅ እጅ ሊይዝ ይችላል። የወለሉ ማፍሰሻ ክዳን የተሰበረ ከሆነ ገንዳው እስኪጠገን ድረስ መዘጋት ያለበት ገንዳ ነው። ጥሩ ዝውውር ማለት ኃይለኛ መሳብ ማለት አይደለም። ጥሩ ዝውውር በብዙ አፍ የተከፋፈለ፣ ማንንም የማይዝ፣ የማያቋርጥ ፍሰት ነው።

125,000 ጀሪካን

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ሰዎች ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ስሌቱ ግን ወደ ቅርብ ያመጣዋል። 50 ሜትር በ25 ሜትር የሆነና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው የኦሊምፒክ ገንዳ 2,500,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 125,000 መሆኑ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ትንሽ የግል ገንዳ እንኳ 2,400 ጀሪካን ይሞላል። በየሰፈሩ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ጀሪካን ተሰልፎ በሚጠብቅበት ከተማ፣ ዝውውሩ በመበላሸቱ ምክንያት አንድ ገንዳ ተደፍቶ ዳግም ሲሞላ የሚከፈለው የባለቤቱ ቆጣሪ ላይ የሚነበበው ብቻ አይደለም። ውሃውን በማዘዋወር ማቆየት የጤና ጉዳይ እንደሆነ ሁሉ የጎረቤትነት ጉዳይም ነው።

መብራት ሲጠፋም ነገሩ ያው ነው። ፓምፑ ሲቆም ማጣሪያውም ክሎሪን አከፋፋዩም አብረው ይቆማሉ። ጄኔሬተር ያለው ሆቴል መጀመሪያ ማብራት ያለበት የገንዳውን ፓምፕ እንጂ በገንዳው ዙሪያ ያለውን ጌጠኛ መብራት አይደለም። ውሃው ለረጅም ሰዓት ቆሞ ከነበረ ደግሞ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ፓምፑን ማስነሳትና የክሎሪኑን መጠን መለካት ይገባል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሚመክረው ዝቅተኛ መጠን በአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊግራም ክሎሪን ነው፤ የፒኤች መጠኑ ደግሞ ከ7.0 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ይህን የሚለካው ወረቀት ከማንኛውም ማሽን በእጅጉ ይረክሳል።

ከሞሄንጆ ዳሮ ጉድጓድ እስከ ይዝረኤል ሮቦት ድረስ መሣሪያው ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ ሕጉ ግን አልተለወጠም። ሮማውያን እብነ በረድ ነበራቸው፣ ውሃቸው ግን ያሳምም ነበር። ሀምቡርግ ሀብታም ወደብ ነበረች፣ አሸዋ ግን አልነበራትም። ሪዮ የዓለም ካሜራ ሁሉ ነበራት፣ ገንዳዋ ግን በአንድ የተሳሳተ ኬሚካል አረንጓዴ ሆነ። ማጽጃ ማሽን ረዳት ነው፤ የሚመረጠውም ዋናውን ሠራተኛ፣ የሚዘዋወረውን ውሃ፣ እንዳያደናቅፍ ተደርጎ ነው። ወለሉ ጠርቶ ሲታይ ሥራው አለቀ ብሎ ፓምፑን የሚያጠፋ ሰው በነጋታው ልጁን የሚያስገባው ስንት ዙር ወደ ተጣራ ውሃ እንደሆነ አያውቅም።